ንግግሩ ታተመ፣ ክርክሩ ቀረ፦ ላስታን በፓርላማ መዛግብት ስንፈልግ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ብሂሉ ሳይነግረን ያለፈው አንድ ጉዳይ አለ። በጽሑፍ የሰፈረ፣ ነገር ግን ፈልጎ የሚያገኘው የታጣ ነገር ከሁለቱ ከየትኛው ይመደባል? ከሚረሳው ነው ወይስ ከሚወረሰው? የኢትዮጵያ ፓርላማ ክርክሮች ዕጣ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። ክርክሮቹ ተጽፈዋል፤ ግን አልተወረሱም።

እንደሚታወቀው አገራችን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው ያዘጋጁት ይህ ሰነድ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ እንደራሴውን የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚሁ ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ምክር ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ሲደረግ ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ምክር ቤቶቹን በአዋጅ በተነ።

ያ ፓርላማ የነበረበትን ጉድለት መዘርዘር አስቸጋሪ አይደለም። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ እጩ ለመሆን ንብረት ይጠየቅ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የመጨረሻውም ቃል የዙፋኑ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከየአውራጃው የመጡ ሰዎች አራት ኪሎ ላይ ተሰብስበው ተናግረዋል፣ ተከራክረዋል፣ አንዳንዴም እምቢ ብለዋል። የተናገሩትን የሚጽፍ ጸሐፊም ነበረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የላስታ ተወላጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሊያማክረኝ መጣ። ጥያቄው ባለ አንድ መስመር ነበር፦ «በ1958ቱ ረሃብ ጊዜ የእኛ እንደራሴ ምን አሉ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በቅንነት ሊመልሰው የሚነሣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ማየት፣ ስለ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ስለ መንግሥታችን ጠባይ ብዙ ያስተምራል።

ሦስት ዓይነት መዝገብ

የዘውዱ ዘመን ፓርላማ ሦስት ዓይነት የጽሑፍ አሻራ ትቶልናል።

የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም የኖረው ይህ ጋዜጣ የጸደቁትን ሕጎች በቁጥርና በቀን ይዟል። ሁለተኛው የዙፋን ንግግር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓላቸው በሚውልበት በጥቅምት 23 ፓርላማውን ሲከፍቱ የሚያሰሙት ንግግር በጋዜጣ ይወጣ ነበር፤ ኋላም «ፍሬ ከናፍር» በተሰኙት የንግግር ስብስቦች ተጠርዞ ለትውልድ ተላልፏል። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤው ነው፤ በየስብሰባው ማን ተነሥቶ ምን እንዳለ፣ ማን እንደ ተቃወመ፣ ድምፁ እንዴት እንደ ተቈጠረ የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው።

ልብ በሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ታትመዋል። የታተሙትም የሥልጣን ቃሎች ናቸው፤ አንዱ ዙፋኑ ሲናገር፣ ሌላው ሕጉ ሲያዝዝ። በመካከላቸው ያለው፣ ማለትም የሕዝቡ እንደራሴዎች የተከራከሩበት፣ ለመዝገብ ቤት የተተወ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር የታተመውና ያልታተመው በዚህ መንገድ መለየቱ ድንገተኛ አጋጣሚ አይመስለኝም።

የዚህን ጉዳት ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀረበ። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ምክር ቤቱ ደጃፍ ድረስ የወጡት ይኸው ጉዳይ ውስጥ ባለበት ሰዓት ነው። ረቂቁ ደጋግሞ እየተሻሻለ ቀረበ፤ ደጋግሞም ቀረ። ባለመሬቶች በሞሉበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ጥያቄው በሌላ መንገድ ተዘጋ። እንግዲህ ነጋሪት ጋዜጣን ብቻ ይዞ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለዚህ አሥር ዓመት የፈጀ ትግል አንዲት መስመር አያገኝም። ያልጸደቀ ሕግ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለውን ጋዜጣው አያውቀውም። አገር ካፈረሱት ጉዳዮች አንዱ በሕግ መዝገባችን ላይ ከቶ እንዳልተነሣ ሆኖ ይታያል።

ቃለ ጉባኤው ግን ያውቀዋል። ማን ረቂቁን ወደ ኮሚቴ እንዲመለስ ጠየቀ? ማን ዝም አለ? ከሰሜን የመጣው እንደራሴ፣ የርስት ባለቤት የሆነ ገበሬ አገር ተወካይ፣ ስለ ደቡቡ ጭሰኛ ምን ተሰማው? በላስታና በአካባቢው ገበሬው በአብዛኛው በርስት የሚኖር እንጂ በጭሰኝነት የሚኖር አልነበረም። ስለዚህ እርሱን ይበልጥ የሚነካው የግብሩ ሕግ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ምክር ቤቱን አከራክሮ፣ ተሻሽሎ ነው የጸደቀው፤ ጎጃምን ለአመጽ ያነሣሣውም ይኸው አዋጅ ነው። ፒተር ሽዋብ የተባለው የውጭ ምሁር ስለ ኢትዮጵያ የመንግሥት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ጆን ማርካኪስና አስመላሽ በየነም ከዚያ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ኢትዮጵያ የውክልና ተቋማት ሲጽፉ፣ ይህን ምክር ቤት እንደ ቁም ነገር ቈጥረው መርምረውታል። እኛ ግን «አሻንጉሊት ፓርላማ» ብለን በአንድ ቃል አሰናብተነዋል። አሻንጉሊት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው በስሜት የሚወሰን አይደለም፤ ተነብቦ ነው።

302 ቀናት

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በተለይም በዋግና በላስታ አካባቢ፣ ከባድ ረሃብ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ድረስ ባጠኑበት የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው የዚህን ረሃብ የወረቀት ጉዞ አሳይተውናል። የወረኢሉ ፖሊስ ጉዳዩን በኅዳር 1958 ዓ.ም. ለበላይ አስታወቀ። ወሬው ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጀበት። እርሳቸው ሚኒስቴሩ እርምጃ እንዲወስድ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩም የመጀመሪያ እርምጃው አድርጎ የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር እንዲላክለት ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናነሣው የቢሮክራሲን ጭካኔ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን የቀን መቁጠሪያ አውጥተው እንዲያሰሉ እጠይቃቸዋለሁ። ፓርላማው የሚከፈተው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ የሚዘጋው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከኅዳር 1958 ተነሥቶ 302 ቀን የቈጠረ ሰው 1959 ዓ.ም. መስከረም ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ያ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት አንድ ሙሉ የምክር ቤት የሥራ ዓመት አለፈ ማለት ነው። እንደራሴዎቹም በ1957 ዓ.ም. ምርጫ ገና የተመረጡ ነበሩ።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ትግራይ በረሃብ ተመታች። ሁለተኛውን አይተነዋል። ሦስተኛውና የከፋው ደግሞ የ1965ቱ ነው። በሰኔ 1965 ዓ.ም. አገሪቱ እንደራሴዎቿን ስትመርጥ የወሎ ገበሬ በየመንገዱ ዳር እየወደቀ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች ለሕዝብ ያሳዩት ከምርጫው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ዘገባ ዓለምን ያስደነገጠው ከምርጫው በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ምርጫ፣ ሦስት ረሃብ። ምርጫው ረሃቡን አመጣ ማለቴ አይደለም፤ የተመረጠ ሰው መኖሩ ብቻ የተራበን ሰው እንደማያተርፍ ለማሳየት ነው።

አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፋቸው መርምረዋል፤ ኋላም በሚሠራ ዴሞክራሲና በነጻ ጋዜጣ አገር ረሃብ አይከሰትም የሚል መከራከሪያ አቅርበዋል። አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ኢትዮጵያም ፓርላማ ነበራት» ይል ይሆናል። አዎን ነበራት። መልሱም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፓርላማ ብቻውን አንደበት ነው፤ የሚታተመው ቃሉ ደግሞ ጆሮ ያበጅለታል። አዲስ ዘመንም ሆነ ሌሎቹ ጋዜጦች በመንግሥት እጅ በነበሩበትና ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ በማይደርስበት ሁኔታ፣ የላስታ እንደራሴ ተነሥቶ ቢጮህ እንኳ ላሊበላ ያለው መራጩ አይሰማውም። ዝም ቢልም አያውቅበትም። የሚጮኸውና ዝም የሚለው በመራጩ ዓይን እኩል ከሆኑ፣ ለመጮህ ምን ምክንያት ይኖራል?

ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። በ1958ቱ መዝገብ የእንደራሴውን ጥያቄ ብታገኝ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለስድሳ ዓመታት ያልተሰማ ድምፅ ታሰማለህ። ምንም ባታገኝም ግኝት ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለው ጥራዝ ሙሉ ሆኖ ረሃብ የሚል ቃል ካልገባበት፣ ያ ዝምታ ቀንና ገጽ ያለው ማስረጃ ነው። ታሪክ የማይችለው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ መዝገቡን ከፍቶ ማየት አለመቻልን።

ቃሉን መፈለግ

መዝገቡ ተከፍቷል እንበል። ፍለጋው የሚጀምረው ገና ያኔ ነው።

ቃለ ጉባኤ በባሕርይው በቀን ተራ የሚጠረዝ ነው። ተመራማሪው ግን ወደ እርሱ የሚመጣው በጉዳይ፣ በሰው ወይም በቦታ ነው። ሕጉ ጸድቆ ከሆነ ከነጋሪት ጋዜጣው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ በመቁጠር ክርክሩን ማግኘት ይቻላል። ሕጉ ካልጸደቀ የጊዜውን ጋዜጦች፣ የዙፋን ንግግሩንና የሚኒስቴሮችን ደብዳቤ መንገድ ጠቋሚ ማድረግ ግድ ይላል።

ቀጥሎ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «ረሃብ»፣ «ረኀብ»፣ «ራብ» እየተባለ የሚጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ነው። ሀሁን በሦስት፣ ሰንና ጸን በሁለት ፊደል የሚጽፍ ቋንቋ ያለ ፊደል ማስተካከያ በኮምፒውተር ሲፈለግ ግማሹ ይጠፋል። ከዚህም በላይ የቢሮ ቋንቋ ረሃብን በስሙ መጥራት ይፈራል፤ «የምግብ እጥረት»፣ «ችግር»፣ «የዝናም መጓደል» ይለዋል። ስለዚህ ፈላጊው የጌቶችን የማለባበሻ ቃላት ዝርዝር ይዞ መግባት አለበት። ቦታውም እንዲሁ ነው፤ ላስታ በስሟ ላትጠራ፣ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ተውጣ ልትቀር ትችላለች። እንደራሴውም አንዴ በማዕረጉ፣ አንዴ በስሙ ይጠራል፤ በ1957 ግራዝማች የነበረው በ1961 ቀኛዝማች ሆኖ ሌላ ሰው ይመስላል።

ለቅርብ ዘመን መዛግብት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በአገራችን ቢሮዎች የተተየበው ጽሑፍ በየሶፍትዌሩ የተለያየ ኮድ ነበረው። ያ ፋይል ዛሬ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የብራና ጽሑፍ ስምንት መቶ ዓመት ሲኖር የእኛ ፋይል ሃያ ዓመት ያልኖረው ለዚህ ነው።

የሰው ሥራም አለበት። እኔ ራሴ በአንድ ስሙን በማልጠራው መዝገብ ቤት «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣ» ተብዬ፣ ደብዳቤውን ባመጣሁ ቀን የሚመለከተው አካል ተቀይሮ ጠብቆኛል። የመንግሥትን መረጃ የማግኘት መብት በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 590 ተደንግጎልናል። መብቱ በጋዜጣው ላይ አለ፤ ቁልፉ በመዝገብ ቤት ሹሙ ኪስ ነው።

ከወንጌሉ ኅዳግ

ይህ ሁሉ «እኛ የጽሑፍ ባህል ስለሌለን ነው» ለሚል ወገን ላስታ ራሷ መልስ ናት። በላስታ አድባራት እንደ ሌሎቹ ጥንታውያን ገዳማት ሁሉ የመሬት ስጦታ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ሲጻፍም ውሳኔው ብቻ አይደለም፤ በጊዜው የነበሩት ሹማምንትና እማኞች በስማቸው ይዘረዘራሉ፣ ቃሉን ያፈረሰም ይገዘታል። ነገሩ ግልጽ ነው። ውሳኔ ያለ እማኝ ዋጋ የለውም፤ እማኝም ያለ ስም እማኝ አይደለም። የርስት ሙግት ሲነሣ መጽሐፉ ወጥቶ ይነበባል። ይህ አሠራር ከዘመናዊው ፓርላማ ጸሐፊ ሥራ በምን ያንሳል?

ሠለጠኑ የምንላቸውም ይህን ያገኙት በስጦታ አይደለም። በእንግሊዝ የፓርላማን ክርክር ማተም ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1771 አታሚዎች ተይዘው፣ የለንደን ከንቲባ ስለ እነርሱ ታስረው ነው ክልከላው የላላው። እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ክርክሩ ተከታትሎ ታተመ፤ ሃንሳርድ የሚለው ስም የአታሚው ስም ነው። ዛሬ ያ ሁሉ በድረ ገጽ ላይ በቃል እየተፈለገ ይነበባል። ውጤቱን ተመልከቱ። ላሊበላ የተቀመጠ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስልኩ፣ ሰር ሳሙኤል ሆር ኢትዮጵያን ከሙሶሊኒ ጋር ለማካፈል ባቀደው ስምምነት ምክንያት ከሥልጣን ወርደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 1935 በለንደን ምክር ቤት የተናገሩትን ቃል በቃል ማንበብ ይችላል። የገዛ አያቱ የመረጧቸው እንደራሴ በ1958 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተናገሩትን ግን አይችልም። ስለ እኛ ባዕዳን የተከራከሩት በእጃችን አለ፤ እኛ ስለ ራሳችን የተከራከርነው በእጃችን የለም።

ከእኛም ዘንድ በጎ ምሳሌ አይጠፋም። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ክርክር በቅጽ በቅጽ ተዘጋጅቷል። የሕግ ባለሙያዎች ስለ አንቀጽ 39 ወይም ስለ መሬት ድንጋጌው ሲሟገቱ ያን ቃለ ጉባኤ ይጠቅሳሉ። ሕገ መንግሥቱን የሚወድም የሚጠላም ማን ምን ብሎ እንዳጸደቀው ማየት ይችላል። ሙግቱ አላለቀም፤ ነገር ግን መነሻው ሐሜት ሳይሆን ገጽ ሆኗል።

የነገው ተማሪ

ስለ ትናንት የጻፍኩት ስለ ዛሬ ለማለት ነው። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ተይዛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ፣ ሕዝቧ ያየውን አይቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ፣ ይህን ጊዜ የአማራ ክልልን መነሻ ያደረገ፣ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአስቸኳይ ስብሰባ አጸደቀ። ሁለቱም አዋጆች በላስታ ሰው ሕይወት ላይ ያረፉ ናቸው። የዛሬ ስድሳ ዓመት አንድ የላስታ ልጅ ተነሥቶ «በዚያ ቀን የእኛ ተወካይ ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም። ምን እናሳየዋለን?

«ስብሰባው በቴሌቪዥን ይተላለፋል» ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን የቴሌቪዥን ሥርጭት መዝገብ አይደለም፤ ይቆረጣል፣ ይመረጣል፣ ይጠፋል፣ በቃልም አይፈለግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ስብሰባ ግልጽ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ግልጽነቱ በር ከፍቶ ማስገባት ብቻ ነው ብሎ መተርጎም ቃሉን ማሳነስ ነው። ትናንት የተባለውን ዛሬ ማንበብ ካልተቻለ ስብሰባው የተከፈተው ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። የ1924–1966 ዓ.ም. ጥራዞች ከመበስበሳቸው በፊት ፎቶግራፍ ይነሡ። ለእያንዳንዱ ጥራዝ የሰው፣ የወረዳና የረቂቅ ሕግ ማውጫ ይዘጋጅ፤ ይህ ኮምፒውተር እንኳ ሳይጠይቅ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች በሁለት ሦስት ዓመት የሚጨርሱት ሥራ ነው። ወሎን የሚመለከተው ክፍል ግልባጭ በደሴና በወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የላስታውም በላሊበላ ይቀመጥ። የዛሬው ምክር ቤት ደግሞ የእያንዳንዱን ስብሰባ ሙሉ ቃል፣ የተቃወመውንና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገውን በስሙ እየጠራ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ በሚነበብና በሚፈለግ ጽሑፍ ያውጣ።

ይህን የሚፈራ ተወካይ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ስሙ በገጽ ላይ የሰፈረ ሰው ከመራጩ ዓይን አይሰወርም። የላስታ አባቶች በወንጌሉ ኅዳግ ላይ እማኝን በስሙ የጻፉት ግን ለዚህ ነበር።